ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ፤ መዝለል እንደምችልበት ወደ ታች ስትወርዱ ታያላችሁ። አሁን ግን ለእናንተ ልናገር ነው። እኔ የሚወዱኝን አንዲት ትልቅ ሴት ዋሸሁ። ዋሽቼም፣ ውሸቴን እንደ አደራ ሲጠብቁት እያየሁ ዝም አልኩ።

የጎበሳ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እዚያ ሱቅ አለው። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አሰላ ገብቼ እንድማር ተባለና አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየልኝ። እንደ አገሩ ወግ «አዴ»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ እያልኩ እጠራቸዋለሁ እንጂ ለእኔ እንደ እናት ነበሩ። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ከትምህርት ቤት እየተንቀጠቀጥኩ ስመጣ፣ የግቢውን በር ድምፅ ይሰሙና «ኢንታላኮ፣ ነይ እዚህ፣ ሻይ አለ» ይሉኛል። ኢንታላኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱት ወሬ ብዙ ነው፤ እኔም ለምጄ ነበር።

አዴ ጫልቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበሩ። መሐንዲሶቹ ያሰቡትን ቤት በስስ ወረቀት ላይ በቀለምና በማስመሪያ የሚያሰፍሩት እሳቸው ናቸው። አብረን ገበያ ስንሄድ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። «ያቺ ደረጃ የእኔ ናት» ይሉኛል። ሰዎች ሲወጡባት ሲወርዱባት ትንሽ ያዩና መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር፣ በአውቶካድ ይሁን አለ። ነዳፊዎቹ ይፈተናሉ፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ መዝገብ ቤት ይገባል። «መዝገብ ቤት ገብቼ የገዛ ቤቶቼን አቧራ ላራግፍ? እጄ እኮ ገና አልደከመም» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለ የወንድማቸው ልጅ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ራስን በራስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ላከላቸው። መጽሐፉ ወፍራም ፎቶኮፒ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ። አገላብጠው አገላብጠው እኔ ጭን ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። አንብቢልኝ።»

እንዲህ ጀመርን። ከትምህርት ቤት መልስ እኔ አነባለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሳቸው ማውሱን እንደ ጫጩት በእርጋታ ይዘው የተባለውን ያደርጋሉ። «ላይን» ስል መስመር ያሰምራሉ። «ኦፍሴት» ስል ከመስመሩ ጎን ሌላ መስመር ይተኛና ግድግዳ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ክፍል ሥለው በር ሲያወጡላት ሁለታችንም አጨበጨብን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ተለወጠ። «ባርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። ዳቦ እንድገዛ ሱቅ ሲልኩኝ እንኳ «ባርሲስቱ፣ ብቅ በይልኝ» ሆነ። ይህ ስም ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ እንዴት ልንገራችሁ? እኔ ክፍል ውስጥ መምህር ካመሰገነኝ ቀኑን ሙሉ የማይርበኝ ዓይነት ልጅ ነኝ።

አንድ ቀን ማውሱ ስክሪኑ አናት ላይ በተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች ላይ ሲንሸራተት አንዷ ላይ ቆመና ስሟ ብቅ አለ።

«ኤክስፕሎድ» ብለው አነበቡ። «ባርሲስቱ፣ ይቺ ደግሞ የምን ናት?»

እዚያ ምዕራፍ አልደረስንም ነበር። አላውቃትም። «አላውቅም» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል ነው? እኔ ግን ባርሲስቱ ነበርኩ። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አውቀዋለሁ፤ መፈንዳት ነው። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ድምፄን ረጋ አድርጌ፣ «እሷን እንዳይነኳት አዴ። የሳሉትን በሙሉ ነው የምታፈነዳው። አንዴ ከፈነዳ አይመለስም» አልኳቸው።

«ያ ረቢ!» የጋለ ካውያ እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ ምን ታድርግ ብለው እዚህ አስቀመጧት?»

«ለባለሙያዎች ነው» አልኩ።

ለባለሙያዎች! ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲነድፉ ለኖሩ ሴት!

እስከዚህ ያለውን አለማወቅ በሉት። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ እንደዚያ ብዬዋለሁ። የቀረውን ግን ምን ትሉታላችሁ?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሚቀጥለው ትምህርት ብቻዬን ስዘጋጅ ገጹ ላይ ደረስኩ። ኤክስፕሎድ ምንም አያፈነዳም። በአንድ ትእዛዝ የተሳለ አራት ማዕዘን ለኮምፒውተሩ አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ጎን ብትነኩ አራቱም አብረው ይነሣሉ። ኤክስፕሎድ ሲደረግ ይነጣጠሉና የየራሳቸው መስመር ይሆናሉ፤ ያኔ የፈለጋችሁትን ጎን ብቻ ማንሣት ትችላላችሁ። ይኸው ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ዕለት የሄድኩት ልነግራቸው ነበር።

ስገባ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ ሥራቸውን እያሳዩአቸው ነው። ስክሪኑ አናት ላይ፣ ልክ ኤክስፕሎድ ባለችበት ቦታ፣ በመቀስ የተቆረጠች የቁስል ፕላስተር ተለጥፋለች።

«ይሄ ደግሞ ምኑን አመመው?» አሉ እትዬ አስቴር።

«ሥሩ ፈንጂ አለ» አሉ አዴ ጫልቱ። «እጄ ተሳስቶ እንዳይሄድ ብዬ ነው። ይቺ ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ ቤቴን ሁሉ አፈንድቼው አርፌ ነበር።»

«አይ አንቺ! ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጥሽ ነበር?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እንዴት ባለ ዓይን እንዳዩኝ! ልናገር የመጣሁት ነገር ከንፈሬ ላይ ነበር። ፈገግ አልኩና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ያ ምዕራፍ ሲደርስስ? ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ገለጥኩ።

አዴ ጫልቱ ዓይናቸው አያመልጠውም። «ዘለልሽ እንዴ?»

«ፎቶኮፒው ደብዝዟል፤ አይነበብም።»

«እንግዲያ ይቅርብን» አሉ።

የመጀመሪያው ከአፌ ያመለጠ ነው። ይህኛውን ግን በእጄ ሠራሁት። የገለጥኩት እኔ ነኝ። ደብዝዟል ያልኩት እኔ ነኝ። ገጹ ጥርት ያለ ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ እንደዚያ ጥርት ያለ ገጽ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ከፕላስተሯ ፊት ለፊት እየተቀመጥኩ አስተማርኩ። ጥፍሬን ብሰድ ትነሣ ነበር። አልሰደድኩም።

የፈተናው ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ገና ከሩቅ አረማመዳቸው ነገረኝ። እሳቸው ግን ሻይ ቀድተው እየሳቁ ነው የተረኩልኝ። የተሰጣቸው የአንድ ቢሮ ፕላን ነው፤ ከአራቱ ግድግዳ አንዱን አንሥተው ክፍሉን እንዲያሰፉ። አንዱን ሲነኩ አራቱም ይነሡባቸዋል። መልሰው ይሞክራሉ፤ ያው ነው። ፈታኙ ከአዳማ የመጣ ወጣት ነበር። አዘነላቸውና ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ኤክስፕሎድ ያድርጉት» አላቸው።

«ምን አልኩት መሰለሽ? አንተ ልጅ፣ የመንግሥት ንብረት አፈንድቼ የት ልገባልህ ነው! አልኩታ።»

ያን ቀን የፈነዳ ነገር ቢኖር የክፍሉ ሰው ሳቅ ነው። እሳቸው ግን ልጁ ሊያጠምዳቸው መስሏቸው፣ ባርሲስቱ ያለቻቸውን አስታውሰው፣ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ። እንዳነሡ ሰዓቱ አለቀ።

«በኋላማ አሳዩኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለካ አይፈነዳም።»

አወቁብኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አንቺ ምን አጠፋሽ? መጽሐፉ ነው የዋሸን። የድሮ ነገር ነው። ደግሞ የቢሮው ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ የእኛ አሮጌው ይፈነዳ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ፕላስተሯን አልነቅላትም።»

የዋሸን አሉ። ራሳቸውን ከእኔ ጋር ደምረው፣ የዋሸን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ በር ይከፈትልኛል? እኔ ምን አልኩ?

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

አዴ ጫልቱ መዝገብ ቤት ገቡ። እኔ ፈተናዬን አልፌ ካምፓስ ገባሁ። ስሄድ ራሳቸው ያሹትን ጭኮ፣ የአርሲን ገብስ በቅቤ፣ በጣሳ ሞልተው ሰጡኝና መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ለረዳቱ «ባርሲስቱኮ ናት፣ መሐንዲስ ልትሆን ነው፣ ደህና ቦታ ስጣት» አሉት። ሚኒባሱ ወደ ዴራ ወርዶ ሙቀቱ እስኪቀበለን ድረስ ጣሳውን አቅፌ ነበር። ጭኮውን መቅመስ አቃተኝ ብዬ ብነግራችሁ ሌላ ውሸት ይሆናል። በላሁት። በጣም ጣፈጠኝ።

በዚህ ሴሚስተር የንድፍ ትምህርት ጀመርን። መምህራችን ሥራዬን አየና «አውቶካድ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ራሴን በራሴ፣ ከመጽሐፍ» አልኩ። አመሰገነኝ። በዚያ ቀን ግን ራበኝ። ግድግዳ ውፍረት እንዳለው፣ በር በየት በኩል እንደሚከፈት አስቦ መሳል እንደሚገባ፣ ደረጃ ላይ የሚወጣ ሰው እግር እንዳለው ያሳየኝ ማን ነበር? እኔ ቃል አነበብኩላቸው፤ እሳቸው ቤት አሳዩኝ። ይህንንም ካድኩ።

ባለፈው ሰሞን ስልክ ደወሉ። ደስታቸው ከ«ሄሎ» በፊት ነው የተሰማኝ።

«ባርሲስቱ! ለወደቅነው ፈተናው ሊደገም ነው አሉ። ቅዳሜ ነይና ካቆምንበት እንቀጥል። መጽሐፉም አለ፣ ኮምፒውተሩም አለ።»

«ፕላስተሯስ?» አልኩ ሳላስበው።

«አለች እንጂ! እኔ እኮ ያስተማርሽኝን አልረሳም።»

ልጅ ነበርኩ አልላችሁም። እንግሊዝኛው ከበደኝ አልላችሁም። መወደድ ፈልጌ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን የፈለግኩት ነገር ቀድሞውንም ተሰጥቶኝ ነበር። ጭላሎ ጉሙን በለቀቀ ቁጥር ሻይ ይዘው የጠሩኝ ኢንታላኮ ብለው ነው እንጂ ባርሲስቱ ብለው አልነበረም። ይህን ሳላይ ለአንድ ስም ብዬ ሥራቸውን አሳጣኋቸው። ይቅርታውን ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሻይ ከመቀዳቱ በፊት፣ መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት፣ ፕላስተሯን በገዛ ጥፍሬ እነቅላታለሁ። ሙጫዋ ስክሪኑ ላይ ቀርቶ እንደሆነ በነጠላዬ ጫፍ እጠርገዋለሁ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ሊፈነዳብን ነው!» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ሁለተኛ በዚያ ስም ባይጠሩኝም፣ እነግራቸዋለሁ፦

አዴ፣ መጽሐፉ አልዋሸም።