በዐቢይ ጾም የተሰማ ምት

የልጅ ልጄ ሕሊና ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች ስለ ወባ መከላከል ራፕ ስትለማመድ፣ «በዐቢይ ጾም?» ብዬ ገሠጽኋት። የባዮሎጂ መምህሯ ተማሪዎቹ ፕሮጀክታቸውን በሂፕ ሆፕ እንዲያቀርቡ ማዘዙን ነግራኝ ነበር። እርሷ ወደ ጓዳ ገባች፤ ምቱ ግን በጆሮዬ ቀረ።

አሶሳ ከመስፈራችን በፊት፣ ወሎ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሳለሁ፣ ዳዊት በቃሌ አልያዝ ብሎኝ ጉልበቴን እየመታሁ አጠና ነበር። አንድ ትልቅ ተማሪ፣ «የኔታ፣ ይህ ልጅ በጾም ከበሮ መታ!» ብሎ ከሰሰኝ። የኔታ ሳቁ።

«ከበሮውማ ይጾማል፤ ጉልበት ምን በልቶ ይጾማል?»

ከዚያም መሬቱን በመቋሚያቸው ቀስ እያሉ እየመቱ መዝሙሩን አብረውኝ አሉት። ሌሎቹ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ምሕረት መሆኑ ግን አልገባኝም ነበር።

ከጓዳ ሕሊና ለጓደኛዋ ለኢክራም ስትደውል ሰማሁ። «አያቴ አልፈቀዱልኝም። ነገ የእኔን ስንኝ አንቺ በይልኝ።»

የኢክራም ድምፅ ከስልኩ ጎልቶ ወጣ። «እንዴ! አንቺ የጻፍሽውን እኔ ልበለው? ውጤትሽስ?»

የኔታ እኔን በማሩበት ነገር እኔ በልጅቱ ላይ ፈርጄባታለሁ። አፍሬ ተነሣሁና በሩን አንኳኳሁ።

«ልጄ፣ ስልኩን አትዝጊው። ስንኝሽን ራስሽ እንደምትዪው ንገሪያት።»