አርባ ስምንቱ ትርፍ ሴራሚኮች

አጎቴ በየጠዋቱ ከቤት ሊወጣ ሲል የኮቱን ኪስ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ጠጠሮቹ ከተንኳኩ ይሄዳል፤ ዝም ካሉ ግን ቤቱ ይታመሳል።

ሥራው ግድግዳ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ነው። የማባዣ ሰንጠረዥ አያውቅም። እናቱ፣ ሰሌን ሠሪዋ አያቴ፣ እንዳስተማረችው በጠጠር አንዱን ቁጥር ትራፊውን እየተወ አንድ እስኪደርስ እያጋመሰ፣ ሌላውን እጥፍ እያደረገ ያባዛል። የሚጋመሰው ቁጥር ለሁለት እኩል የሚካፈል ሲሆን ከጎኑ ያለውን እጥፍ ይጥለዋል፤ የቀሩትን ይደምራል። አለቀ።

አምና አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍሉን ግድግዳ እንዲሸፍን ጠራው። ርዕሰ መምህሩ ከላይ የሚሰቀሉትን ስዕሎች አሳየው፤ ስድስት ጺማም ግሪኮች፣ "የሒሳብ አባቶች" ከሚል ጽሑፍ ጋር።

"ሒሳብ እናት የለውም እንዴ?" አለ አጎቴ።

"አንተ ሴራሚክህን ለጥፍ!"

አጎቴ ተንበርክኮ ጠጠሩን ዘረገፈ። ግድግዳው አሥራ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሃያ አራት ነው። እጁ ይቆጥራል፣ አፉ ያጉረመርማል። የሒሳብ መምህርቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?"

"እናቴ፣ ሰሌን ሠሪዋ።"

"የጥንት ግብፆች እኮ እንዲህ እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር!"

"ኧረ! መቼ ሄዳ አስተማረቻቸው?"

መምህርቷ እየሳቀች ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደች። ዜሮ ከህንድ፣ አልጀብራ የሚለው ስም ከዓረብኛ መምጣቱን ነገረችው፤ ለእነሱም ቦታ ይሰጥ አለች። "ለሰሌን ሠሪዋም።"

"ሴራሚኩ የሚታዘዘው ሰውየው በቆጠረው ልክ ነው" አላት። "ትርፍ ከመጣ እናያለን።"

አጎቴ ያን ሰሞን አልቀለደም።

ሴራሚኩ መጣ። ግድግዳው አለቀ፤ አርባ ስምንት ተረፈ።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"የእናቴ ነው" አለ አጎቴ ዓይኑን ሳያሽ። "ትርፍ ከመጣ ብለው የለ?"

መምህርቷ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

ዛሬ ከበሩ ጎን፣ በአርባ ስምንቱ ላይ፣ ዜሮም አልጀብራም ከነመጡበት ተጽፈዋል። ከሥር ጠጠሮች ተስለዋል፤ "የጥንት ግብፆችም፣ አንዲት ሰሌን ሠሪም እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር" ይላል። አጎቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር በእጅጌው ይወለውለዋል።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመነኝ። ያን ቀን ተናዶ ሲቆጥር፣ አሥራ ሦስትን አጋምሶ ስድስት ላይ ደረሰ። ስድስት ለሁለት እኩል ይካፈላልና ከጎኑ ያለው አርባ ስምንት መጣል ነበረበት። ረሳው፤ ደመረው።

"እሱን ዝለይልኝ፣ የኔ ልጅ" አለኝ። "እናቴ ብትሰማ ጆሮዬን ነበር የምትቆነጥጠው።"