የዘይቱና ገመድና የሒሳቡ መኪና

ዘይቱና የገመደችውን ገመድ በሬ አይበጥሰውም ይባል ነበር። ከሐይቅ እስከ አምባሰል የሷን ቃጫ የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። ባሏ ሲሞት የተወላት ሁለት ልጆችና ከሐይቁ ዳር አንድ ማሳ ነው። በ1970 የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ኑርሁሴን ለመሬት መለኪያ የሚሆን መቶ ሃያ ሜትር ገመድ ሲያዝዛት ደስ ብሏት ሠራችለት፤ በየሜትሩም ቋጠሮ አሰረችበት።

ገመዱ መጀመሪያ የተዘረጋው በራሷ ማሳ ላይ ሆነ።

ማሳው ወደ ውሃው ያዘመመ፣ ተገፍቶ እንደተጣመመ ሳጥን ያለ ነው። ኑርሁሴን አራቱን ጎን ለካና ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮው ሄደ። ቢሮው ከወፍጮ ቤቱ ጋር የተያያዘች ክፍል ስትሆን መብራት የምታገኘውም ከወፍጮው ጀኔሬተር ነው። የሒሳቡ መኪና የተቀመጠው እዚያ ነበር፤ ደሴ ውስጥ ከተወረሰ የነጋዴ ቢሮ የመጣ። ከዚያ በፊት ሰው የሚያውቀው እጀታው ሲዞር የሚንገጫገጨውን የብረት መደመሪያ ነበር። ይኼኛው ድምፅ የለውም። የጽሕፈት መኪና ያህላል፤ ቁልፉን ሲነኩት በጥቁሩ መስታወት ውስጥ አረንጓዴ ቁጥር ይበራል። ወፍጮው እህል ሲጎርስ ቁጥሩ ይደበዝዛል፤ ሰዉም ያኔ መኪናው የሚያስብ ይመስለውና ዝም ይላል።

"መቶ ሁለት በሃምሳ ስምንት" አለ ኑርሁሴን። "አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት ካሬ። የሚገባሽ አምስት ሺህ ነው። ትርፉ በውሃው በኩል ይቆረጣል።"

"የኔና የስህን ማሳ እኩል ዘር ነው የሚበላ" አለች ዘይቱና። "የጎረቤቴን አምስት ሺህ ካልከው፣ የኔ ትርፍ ከየት መጣ?"

"መኪና ዘር አይቆጥርም፣ እቴ ዘይቱና። ደግሞ ምን ያስኮርፍሻል? ገመዱ እንደሁ የራስሽ!"

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

የተቆረጠው በበጋም የሚያበቅል ጥቁር አፈር ነበር። በሳምንቱ ኑርሁሴን ራሱ ጎመን ተከለበት። የዘይቱና ልጆች በዚያ በጋ ጎመን በዓይናቸው ብቻ አዩ። እሷ ሳቁን አልረሳችም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከፊት ተቀመጠች።

"አንቺ፣ ፊደሉን ከለየሽ አይበቃሽም?" አለቻት ስህን።

"ማባዛት እስኪደርሱ ነው የምጠብቅ።"

ማባዛት ደረሱ። አንድ ቀን ርጥብ ገመድ በአራት ካስማ ወጥራ ሳለ ሁለቱ ካስማዎች ላልተው ዘመሙና ገመዱ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጎኖቹ ያው ናቸው፤ መካከሉ ግን የለም። ዘይቱና ቁጭ ብላ ለብቻዋ ሳቀች። ከባሏ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

በ1973 ከአውራጃው ተቆጣጣሪ መጣና ስብሰባው ወፍጮ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆነ። ዘይቱና በየሜትሩ የቋጠረችውን አዲስ ገመድ በትከሻዋ አድርጋ ተነሳች።

"ጓድ ኑርሁሴን፣ አንዲት ማሳ አስላልኝ።"

አራት ሴቶች የገመዱን አራት ማዕዘን ይዘው ወጠሩት፤ ሠላሳ አንድ ሜትር፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ። መኪናው ከነሽቦው ወደ በሩ ወጣ።

"ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ካሬ" አለ ኑርሁሴን።

"ከወሰድክብኝ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት በአሥራ አራት ይበልጣል። ስህን፣ በይ ሳቢ!"

ስህንና ትይዩዋ ያለችው ሴት ወደየራሳቸው ሳቡ፤ ሁለቱ ሌሎች ወደ መካከል ቀረቡ። ገመዱ ተጣጥፎ መሬት ላይ አንድ ድርብ መስመር ሆነ።

"አሁን ጎኑ ስንት ነው?"

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ቋጠሮ ቆጠረ። "ሠላሳ አንድና ሠላሳ። ያው ነው።"

"እንግዲያ መኪናውን ጠይቁልኝ።"

ኑርሁሴን ከመኪናው ራቅ አለ። ተቆጣጣሪው ራሱ ቁልፎቹን ነካ። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ በራ። ወፍጮው ጎረሰና ቁጥሩ ደበዘዘ።

"ተዉት፣ ያስብበት!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

"መኪናው ምን አጠፋ" አለ ተቆጣጣሪው። "የሰጡትን ያባዛል። ጥመቱን ያልነገረው ሰው ነው።"

"የኔ ይመለስልኝ" አለች ዘይቱና፣ መሬት ላይ የተጋደመውን ገመድ እያሳየች። "ለሱ ይኼን ስጡት።"

መሬቷ ተመለሰ። ኑርሁሴን ከጸሐፊነቱ ወረደ፤ ስሙም "ባለ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ" ሆኖ ቀረ። ገበያ ሲወጣ ማሳው እንዴት እንደያዘለት ይጠይቁታል። ዘይቱና ይኼን በሰማች ቁጥር ምሳዋ ይጣፍጣት ነበር።

በ1977 ዝናብ ጠፋ። ኑርሁሴን ከስቶ ከደጇ ቆመ።

"እቴ ዘይቱና፣ ለአላህ ብለሽ፣ ከውሃው ዳር አንድ መደብ ብቻ። ውሃውን ራሴ እቀዳለሁ።"

ዘይቱና ገብታ ያንኑ የስብሰባውን ገመድ አወጣች።

"መሬት አለህ እኮ። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ካሬ። ሂድ እረሰው።"

ገመዱን ተቀብሎ በትከሻው አደረገና ሄደ።

"አንቺ፣ ልጆች አሉት!" አለች ስህን።

"መሬቴን ሲቆርጥ እኔም ልጆች ነበሩኝ።"

በሳምንቱ ገበያ ላይ አየችው። ገመዱን ቆራርጦ፣ ቋጠሮውን እንኳ ሳይፈታ፣ ከፊቱ ዘርግቶታል። የሚገዛው አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የሚታሰር ከብት የተረፈው ማን ነበር? ቀና ብሎ አያት። ዘይቱና ሰላም ሳትለው አለፈች።