ጎተራ ውስጥ የሰማሁት ዘፈን

ሰሞኑን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመጣ፣ የሚኒባሱ ሹፌር የአገራችንን ወንዶች ዘፈን ሲከፍት በልጅነቴ ጎተራ ውስጥ የሆንኩት ትዝ አለኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ አዲሱ እህል ሳይገባ እንድጠርገው ባዶ ጎተራ ውስጥ አወረደችኝና ውኃ ልትቀዳ ሄደች። አንድ ጎረቤት ውስጡ ሰው መኖሩን ሳያውቅ፣ ዶሮ እንዳይገባበት ብሎ ከላይ ከደነው። ጨለመብኝ። ግድግዳውን ብቧጥጥ ልስኑ ጥፍሬ ውስጥ ቀረ። "እማየ!" እያልኩ ጮህኩ።

ከጎተራው አጠገብ ባለው አውድማ ላይ ግን ወንዶቹ ገብስ እየወቁ ይዘፍናሉ። አንዱ ከላይ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከሥር ያጉረመርማሉ፣ ሌላው መሃል ላይ የራሱን ዜማ ይዞ ይሄዳል። አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው ስለሚገባ ጩኸቴ የሚሾልክበት ቀዳዳ አጣ። የገብሱ አቧራ ትንፋሽ ሲያሳጥረኝ መጮሁን ተውኩና፣ እያለቀስኩ በቀጭን ድምፄ ከዘፈናቸው ጋር መዝፈን ጀመርኩ።

ዘፈን አውጪው አጎቴ አያ ታከለ ነበር። "ቁሙ! ከእኛ ያልሆነ ድምፅ ገብቷል" አለ።

"ሚስትህ ናታ፣ ለምሳ እየጠራችህ!" ብለው ሳቁበት።

"ዝም በሉ አልኩ እኮ!"

ዝም ሲሉ ሰሙኝ። አያ ታከለ በብብቴ ይዞ አወጣኝና ወደ ሰዎቹ ዞረ። "ዘፈኑ ሲያምርልን ሰው ቢሞትም አንሰማም ማለት ነው?" አላቸው። እኔ ዘፈኑን ያበላሸሁበት መስሎኝ የባሰ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ አያ ታከለ ለአውድማም ለሰርግም ሲያወጣ፣ ዘፈኑን መሃል ላይ ያስቆምና ትንሽ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ "በሉ" ይላቸዋል።