አያቷ ፈርመው ነበር

ፖሊሶቹ የእስር ክፍሉ በር ላይ ጫማችንን አስወለቁን። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር፤ ጥጉ ላይ ባልዲ አለ። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተሮች ድምፅ ይገባል። ከሁለት ሰዓት በፊት በዚያው በንቲንዳ መንገድ ሙዝ ገዝቼ አልፌ ነበር።

አብራኝ የገባችው የሃያ ሁለት ዓመት ፖላንዳዊት ናት። በስደት በምኖርበት በኪዋቱሌ ሰፈር ባለችው የንባብ ክፍላችን በበጎ ፈቃድ ልጆች ታስነብባለች፤ መጻሕፍቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጊዜው በኮሮና ምክንያት ስብሰባ የተከለከለበት፣ ትምህርት ቤትም የተዘጋበት ነው። ያን ቀን ጠዋት ልጅቷ ለሴት ተማሪዎቻችን ስለ አገሯ ነገረቻቸው፤ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል ሲከለክል፣ እሷና እኩዮቿ ካርቶን ላይ ጽፈው በዚያ ብርድ አደባባይ እንዴት እንደወጡ። ተማሪዎቹ ሰምተው ዝም አላሉም። እነሱም ካርቶን ቀደዱና፣ በዚያ ወራት ያረገዙ ጓደኞቻቸው ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ክፍል እንዲመለሱ የሚጠይቅ ጽሑፍ ጽፈው በራችን ላይ ቆሙ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፖሊስ መጣ። ተማሪዎቹ ሮጡ። እሷ መሮጥ አፍራ ቀረች፤ እኔ ደግሞ በር ልቆልፍ ስል ተያዝሁ።

ዋናው ጥፋት የእኔ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ቀን ስሜን ከመዝገብ ሲጠራ የተሰማኝን ስለማልረሳ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስም እመዘግባለሁ። መዝገቡን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሡት፤ አሥራ ስድስት ስም፣ በተራ ቁጥር፣ ከነፊርማው። ጣቢያው ስንደርስ መርማሪው ገልጦ አየና እንዲህ የተደራጀ ቡድን ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። መቀለዱ ይሁን አልገባኝም።

ተማሪዎቹን እንደማይፈልጋቸው፣ የሚፈልገው ያነሣሣቸውን ሰው እንደሆነ አስረዳኝ። አንድ የተተየበ ወረቀት ሰጠኝ። ነጯ ልጅ ገንዘብ ከፍላ ተማሪዎቹን እንዳስወጣች ይናገራል። ከፈረምሁ ለምሳ ቤቴ ነኝ። ካልፈረምሁ የስደተኛ ወረቀቴ እንደገና ይመረመራል። ያስቡበት ብሎ ወረቀቱን አስይዞ ወደ እስር ክፍሉ መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቀድማን የገባች አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ ከሰዓት እላፊ በኋላ ቲማቲም ስትሸጥ የተያዘች። ነገሩን ሰምታ ሳቀች።

«ኛቦ፣ ፈርሚና ሂጂ» አለችኝ፤ ኛቦ እመቤት፣ ሙዙንጉ ደግሞ ነጭ እንደማለት ነው። «ሙዙንጉዋን ኤምባሲዋ በመኪና ይወስዳታል። አንቺን የሚወስድሽ ቦዳ ነው፤ እሱም ከከፈልሽ።»

ልጅቷ ወረቀቱን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አነበበችው፤ ጆሮዋ ቀላ። አጣጥፋ መለሰችልኝና፣ በአገራቸው ወታደራዊ አዋጅ የታወጀ ጊዜ ሴት አያቷን ከፋብሪካ እንደወሰዷቸው ነገረችኝ። በእሳቸውም ፊት ወረቀት ቀርቦ ነበር፤ መንግሥትን አልቃወምም የሚል። ፈረሙ። የልጅቷ እናት ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ስለዚያ ወረቀት አንድ ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ልጅቷ ለተቃውሞ በወጣች ጊዜ ግን አያቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሏት። ብርድ ነው፣ ወደ ቤት ይግቡ ብትላቸው፣ «አንድ ጊዜ ቶሎ ቤቴ ገብቻለሁ» አሏትና ስለ ወረቀቱ ነገሯት።

«ስለዚህ ፈርሚ» አለችኝ። «እኔ የፈረመች ሴት የልጅ ልጅ ነኝ። አልቀየምሽም።»

ብትቀየመኝ ይቀለኝ ነበር። ብታለቅስ ወይም ብትለምነኝ ምናልባት እፈርም ነበር። እሷ ግን ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ባቄላው ሲመጣ ከሳህኗ ገምሳ ለነጋዴዋ አካፈለች፤ ነጋዴዋም ፖሾ በጣት እንዴት እንደሚድበለበል አስተማረቻት። ሁለቱ ሲሳሳቁ ወረቀቱን ገለበጥሁት።

መርማሪው ሲያስጠራኝ እስክሪብቶ ጠየቅሁት። ከጀርባው እንዲህ ጻፍሁ፤ ተማሪዎቹን የጠራሁ እኔ ነኝ፤ ስማቸውን የመዘገብሁ እኔ ነኝ፤ ገንዘብ የሰጠም የተቀበለም የለም። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፈረምሁ።

«ማዳም፣ የጠየቅሁዎት ይህን አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። የሆነው ግን ይህ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበለኝ። ሁለት ቀን ካሳደረን በኋላ ሁለታችንንም በማስጠንቀቂያ ለቀቀን። እኔ አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ጣቢያው እየሄድሁ ፈረምሁ፤ የስደተኛ ወረቀቴ ግን አልተነካም።

አሁንም ኪዋቱሌ ነኝ፤ ደኅና ነኝ። ከዚያን ዓመት ተማሪዎች ሁለቱ ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ያነብባሉ። ፖላንዳዊቷ አገሯ ገብታ ታሪክ ታጠናለች። በቅርቡ በድምፅ መልእክት እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ያደረግሁትን ለአያቷ አውርታላቸዋለች። አያትየዋ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቷ የምትጠባ ልጅ ነበረቻት ወይ? የለችም ሲባሉ፣ «እንግዲያ ለእሷ ቀሏታል በያት» አሉ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትየዋ ልክ ናቸው። ስለዚያ ቀን ለሰው ሳወራ፣ አሁን ይህንንም ጨምሬ ነው የማወራው።