በባሲሊያ አንገት ላይ ያረፉ ጣቶች

ከላ ፓስ ከተማ በላይ፣ ከፍታው ላይ ባለችው ኤል አልቶ ውስጥ ሚኒባስ ስነዳ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ዘጠኙን ዓመት በመኪናዬ በር ላይ ቆማ የተጣራችልኝ ባሲሊያ ካሊሳያ ናት። ሌላው ወያላ የፌርማታ ስም ይጮሃል፤ እሷ ግን ታዜም ነበር። ማለዳ መስታወቴ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ሳለ ድምጿ ይነሳል፦

ቁልቁል ነው መንገዱ፣ አትቁሙ በብርድ፣
ከሰማይ ደጃፍ ላይ፣ ወደ ታች እንውረድ!

ባሏ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከቀረ ወዲህ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጉሮሮ ነው። ፊደል አልቆጠረች፣ ሌላ ሙያ አልያዘች፤ ያላት ድምጿ ብቻ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ከግራ መንጋጋዋ ስር እብጠት ወጣባት። መጀመሪያ ባቄላ፣ እያደር እንቁላል አከለ። እኛ ጋ አንገቱ ያበጠ ሁሉ እንቅርት ያዘው ነው የሚባል። አያቶቻችን ይዘውት ኖረው ይዘውት ስለተቀበሩ ማንም አልደነገጠም። «ጨው ብዪ» አሏት፤ በላች። የገበያው መድኃኒተኛ የእባብ ሞራ ለቀለቃት። ያ ሞራ! መስኮት ከፍቼ እየነዳሁ እንኳ ምራቄ አፌን ይሞላው ነበር።

ሞራውስ ይሁን። የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው። እብጠቱ ይመታል፣ ልክ እንደ ልብ። ሮኬ የሚባል የፌርማታችን ሹፌር አንድ ቀን ለቀልድ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ኧረ ሞተር አለው እኮ! ከኔ መኪና ይሻላል!»

በዚያው ቀን መኪናው ሰባት ጊዜ ሞልቶ ተመላለሰ። በማግስቱ ሹፌሮቹ እብጠቱ ገድ አለው ብለው ሊነኩት ተሰለፉ። ዘይት በነካ፣ የዶሮ ስብ ባልተጠረገበት፣ አፍንጫ በጎረጎሩበት ጣት።

«እመት ባሲሊያ፣ ዕድሌን ልንካ እንጂ!»

«ሂድና የእናትህን አንገት ንካ፣ ቅማላም!»

አብራቸው ትስቃለች። ከዚያ ዞር ትልና በሻርፗ ጫፍ አንገቷን ትፈገፍጋለች፣ ቆዳዋ እስኪቀላ።

እኔም ነክቻለሁ። ጎማ በላይ በላዩ የፈነዳብኝ ሳምንት ነበር። ጣቴ ስር እንደ ጫጩት ደረት ተርገበገበ። በሻርፗ አንገቷን ፈገፈገች። እስከ ዛሬ ያቺን ጣቴን ሳያት ይዘገንነኛል።

አምና ምግብ ሲያንቃት፣ ድምጿም ሲሻክር፣ ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ የሚሠራ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። «እንቅርት ነው፤ ውሃውን እንቀዳዋለን» አለና ያለ ጓንት መርፌ ሰካ። ውሃ የለም። ደም ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አለበሰው። ሰውየው በጨርቅ ተጭኖ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ይላል። ጨርቁ ከዚያ በፊት ምን እንደጠረገ እግዜር ይወቀው።

ደሙ እንደቆመ በቀጥታ ቁልቁል፣ ላ ፓስ፣ ትልቁ ሆስፒታል። የደም ስር ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኔሊዳ ኡርኪሶ እጇን ታጠበች፣ አሞቀች፣ ከዚያ «ልንካዎት?» ብላ ጠየቀች።

ባሲሊያ አለቀሰች። በሦስት ዓመት ውስጥ አስፈቅዶ የነካት ሰው አልነበረም።

ዶክተሯ ማዳመጫዋን አስጠግታ ሰማች፤ ውስጡ ወንዝ እንደሚወርድ ያጉረመርማል አለችን። በሁለት ጣት ወደ ጎን ገፋችው፣ ሄደ፤ ወደ ላይ ገፋችው፣ እምቢ።

«እንቅርት አይደለም። እንቅርት ቢሆን ሲውጡ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።» በመሣሪያ የተነሳውን የአንገቷን ፎቶ አሳየችን። ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ደም ስር እንደ ባላ ሁለት ተከፍሎ፣ እብጠቱ መሃሉ ተቀምጧል። «እዚህ ቦታ ሁላችንም የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለችን፤ ደማችን ውስጥ አየር ሲያንስ የምታውቀው እሷ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስትሠራ አንዳንዴ ታብጣለች። መርፌ ግን ፈጽሞ አይነካትም፤ ሁለንተናዋ ደም ነው።»

«ድምፄስ?»

«የድምፅዎ ነርቭ በአጠገቧ ያልፋል። እጠነቀቃለሁ፤ ግን አልምልልዎትም። ብንተዋት ደግሞ ራሷ ታንቀዋለች።»

«ዶክተር፣ እኔ በጉሮሮዬ ነው የምበላው።»

«ሁሉም ሰው በጉሮሮው ነው የሚበላ» አልኩ፣ ላስቃት ብዬ።

«ዝም በል አንተ!» አለችኝ። ወደ ዶክተሯ ዞራ «ይውጣልኝ» አለች።

ቀዶ ጥገናው አምስት ሰዓት ፈጀ። እብጠቱን የሚመግቡትን ቀጫጭን ስሮች አንድ በአንድ አስረው፣ የብርቱካን ነጭ ሽፋን እንደሚላጥ ከትልቁ ደም ስር ላይ ላጡት። ደም ስሩ ሳይቀደድ ቀረ። ነርቩ ግን ተጎድቷል። ስትነቃ ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሮኬና ሁለት ሹፌሮች ሊጠይቋት መጡ። ሮኬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እብጠቱን የት አደረጉት? ቢሰጡን እኮ በአልኮል ጠርሙስ አድርገን ፌርማታው ላይ እናስቀምጠው ነበር» አለኝ።

አንገቱን ይዤ አስወጣሁት። ኮሪደሩ ላይ አስመለሰኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ወደ መኪናዬ በር ተመለሰች። ዜማው የለም። እየተቆራረጠ የሚወጣ፣ ደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ እግር ያለ ድምፅ ነው ያላት፤ ዶክተሯ ከዓመት በኋላ ትንሽ ይሻሻል ይሆናል ብላለች፣ አልማለችም። ሌሎቹ ወያሎች ጎረምሶች ናቸው፤ ጩኸታቸው ያሰጥማታል። ስለዚህ ፌርማታ በደረስን ቁጥር ሞተሩን አጠፋለሁ። በዚህ ብርድ የጠፋ ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል፤ ያስቸግር። ሰው ጠጋ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ይሰማታል፣ ይገባል።