ቀማሽ ያጣው ምንጭ

ጎህ ሲቀድ፣ ወጀት

የዛሬዋን ፍኖተ ሰላም ያኔ ወጀት ነበር የምንላት። ጣልያን ከገባ ወዲህ በጨለማ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሲነጋ ግን መንገዱ በእግረኛና በአህያ ይሞላል። የአምስት ዓመት ልጄን እንጉዳይን በቅሎ ላይ አስቀምጬ ወደ ቡሬ ተነሣሁ። ወባ ይዟታል፤ እናቷ ቡሬ፣ ወላጆቿ ዘንድ ናት። አብሮኝ የሚሄደው አያ ሰይድ ነው፣ ጎረቤቴ፣ የጨው ነጋዴ፤ ጨው የጫነ አህያውን ይነዳል። አንድ ቅል ሙሉ ውሃ ይዘናል።

ረፋድ፣ የላህ ወንዝ ኬላ

ባንዳ ቆሟል፣ የኛው አገር ሰው። ቅሉን ተቀብሎ አሸተተና መሬት ላይ ደፋው።

«ሽፍቶች ውሃውን ሁሉ መርዘውታል። ከዚህ ጠጡ» ብሎ በርሜል አሳየን።

አያ ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እንዳታስጠጣት! መርዙስ እሱ ውስጥ ነው ይላሉ።»

ማንን ልመን? ከብቶች ከወንዙ ሲጠጡ አያለሁ፤ ነገ ይሙቱ ይኑሩ ግን ማን ያውቃል? ግራ ገብቶኝ ባዶ ቅል ይዤ አለፍኩ።

ቀትር ሲቃረብ፣ ማንኩሳ አጠገብ

ገበሬዎች አንዲት ምንጭ በእሾህ አጥረው ይጠብቃሉ። ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የሚቀዳ ግን የለም። የጣልያን አውሮፕላን በላያቸው ካለፈ ወዲህ መርዝ ረጭቶ ይሆናል ብለው ሥርዓት አበጅተዋል፦ በየጠዋቱ ተረኛ ሽማግሌ ቀድሞ ይጠጣል፤ ደህና ሆኖ ከቆየ ሌላው ይቀዳል። ደግ ሥርዓት ነው። ዛሬ ሁዳዴ እንደሚገባ ግን ማንም አላሰበበትም።

«ተረኛው እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀምስም» አሉ ሽማግሌው። አዋቂው ሁሉ ጿሚ ነው። ሕፃን እንዳያስቀምሱ ደግሞ ማን ልጁን ለመርዝ ይሰጣል?

የእንጉዳይ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። «አባቴ፣ ልጄ በጥም ልትሞትብኝ ነው» አልኋቸው።

«እያየን ነው ልጄ። ምን እናድርግ? ጾም ነው።»

እውነታቸውን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አያ ሰይድ ጨዉን ከአህያው አውርዶ መጣ። «እኔ የናንተ ጾም የለብኝም። ልጠጣው።»

«እንግዳን ለሞት ማስቀደም ነውር ነው!» አሉ ሽማግሌው። እሱ ግን ቢስሚላህ ብሎ ሁለት እፍኝ ጠጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ቡሬ ገበያ ያወራናል። እኛ ወሬውን ትተን ፊቱን እናያለን። እሱም ስድስት ልጆች አሉት። ጥላው አንድ ክንድ ያህል ሲሸሽ፣

«ይጣፍጣል። አስጠጧት» አለ።

እንጉዳይ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

ወደ ማታ፣ ቡሬ

ባለቤቴ ልጇን ተቀብላ ሳመቻት። አያ ሰይድ ያደረገውን ነገርኋት፤ መርቃው ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? አባቷ አንተ አይደለህ?»

«ጾም ላይ ነበርኩ» አልኋት። ልጄ ዓይኔ እያየ በጥም ስትደርቅ፣ ጾሜን ገድፌ ውሃውን ራሴ መቅመስ እንደምችል ሐሳቡ እንኳ አልመጣልኝም ነበር።